ከማማለያው ወደ ሪሉ፦ ለጣና ዳር አጥማጅ የቀላል ዘንግና የቤይትካስቲንግ ሪል አመራረጥ

የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ የሚያስመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከሪሉ፣ ማለትም ዘንጉ ላይ ተገጥሞ ክር ከሚጠቀልለው መሣሪያ ነው። ሪል ያብረቀርቃል፣ እጅ ይሞላል፣ ሲያዞሩት ልስልስ ብሎ ይዞራል፤ ዘንጉ ከእሱ በኋላ ይታሰባል፣ ክሩ የተገኘው ይሆናል፣ ዓሣው የሚነክሰው ማማለያ ደግሞ የመጨረሻ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። ማማለያ የምለው ትንሽ ዓሣ ወይም ትል መስሎ ከፕላስቲክ ወይም ከብረት የተሠራውን፣ መንጠቆ የተሸከመውን ነገር ነው። በዚህ መመሪያ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ መጀመሪያ ማማለያው ይመዘናል፣ በክብደቱ ልክ ዘንጉ ይመረጣል፣ ሪሉ የሚወሰነው ሁለቱ ከታወቁ በኋላ ነው። ባሕር ዳር ተቀምጦ ዕቃ ለሚያዝዝ ሰው ይህ ቅደም ተከተል ከሌላው አገር አጥማጅ ይልቅ ይጠቅመዋል፤ ዕቃው የሚመጣው ከውጭ በሚገባ ዘመድ ሻንጣ ስለሆነ፣ ተሳስቶ የተገዛውን ወስዶ የሚቀይርለት ሱቅ በአቅራቢያው የለም።

1. ዓሣውንና የሚቆሙበትን ቦታ አስቀድመው ይለዩ

ፊነስ የሚባለው አጠማመድ፣ ማለትም በቀጭን ክር፣ በቀላል ዘንግና በትንሽ ማማለያ ዝግ ብሎ ማጥመድ፣ የተስፋፋው በባስ ዓሣ ምክንያት ነው። ባስ የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1925 ወደ ጃፓኑ አሺ ሐይቅ ተወስዶ ከዚያ በመላው አገሪቱ ተሰራጭቷል። አጥማጅ በበዛበትና ዓሣው ማማለያ በለመደበት በዚያ አገር፣ ቀላል ማማለያን በቤይትካስቲንግ ሪል፣ ማለትም ሲወረወር ክር የተጠመጠመበት ክፍሉ ራሱ በሚሽከረከር ሪል፣ የመወርወር ስልት ጎልብቷል። እስከ ዛሬ ከተመዘገቡት ባሶች ትልልቆቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1932 በጆርጂያ ጆርጅ ፔሪ የያዘው፣ ሌላው በ2009 በጃፓኑ ቢዋ ሐይቅ ማናቡ ኩሪታ የያዘው ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 10 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝኑ ነበር። የዘወትሩ ባስ ግን አንድ ኪሎ፣ ቢበዛ ሁለት ኪሎ የሚሆን ዓሣ ስለሆነ፣ በዕቃው ላይ የተጻፈው ቁጥር ሁሉ የታሰበው ለእሱ ነው።

ጣና ውስጥ ባስ የለም፤ ሊገባም አይገባም። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2005 ባስን ማጓጓዝንና ወደ ውኃ መልቀቅን በሕግ የከለከለችው የአገሩን ዓሣ ስለጨረሰባት ነው። ባርበስ የሚባሉት የጣና ዓሦች ደግሞ 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ለይቷቸው የኖሩ፣ አብዛኞቹም ሌላ ቦታ የማይገኙ ናቸው። ተመራማሪዎች ከለዩዋቸው 15 ያህል ትልልቅ የባርበስ ዝርያዎች መካከል ስምንቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ አዳኞች ናቸው። በማማለያ የሚያዙትም እነዚህ ናቸው እንጂ ቆሮሶ በዚህ ዕቃ ተፈልጎ የሚያዝ ዓሣ አይደለም፤ አምባዛ ቢነክስም ለቀላል ዘንግ ከባድ ፈተና ይሆናል።

ባርበስ ለፊነስ የሚስማማበት አንድ ምክንያት በአፉ አፈጣጠር ላይ ይታያል። የካርፕ ወገን እንደመሆኑ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ የበላውን የሚፈጨው በጉሮሮው ውስጥ ባሉ ጥርሶች ነው። ነክሶ መያዝና ቆርጦ መብላት ስለማይችል የሚያድነው በአንድ ጊዜ የሚውጠውን ትንንሽና ቀጭን ዓሣ ነው። ስለዚህ በትልቅ ውኃ ላይ ትልቅ ማማለያ መወርወር አለብኝ የሚለው ሐሳብ እዚህ አይሠራም፤ የትንሽ ጣት ርዝመት ያለው ማማለያ ይበቃል፤ የትንሽ ጣት ርዝመት ያለው ማማለያ ደግሞ ክብደቱ ትንሽ ነው። የቀረው ምርጫ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

ቦታውን በተመለከተ፣ በጣና ዳር ውኃ ውስጥ ገብቶ ማጥመድ አይመከርም። በዳርቻው ውኃ የቢልሃርዝያ ተውሳክ አለ፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ፤ ጉማሬ ካለበት ቦታ ንጋትና ምሽት ላይ ፈጽሞ መራቅ ይገባል። እንግዲህ የሚቆሙት ድንጋይ ላይ፣ የጀልባ መሣፈሪያ ላይ ወይም ጀልባ ውስጥ ነው፤ ከኋላዎ ደንገል ወይም ዛፍ ይኖራል፣ ከፊትዎም ሰፊ ውኃ። በክረምትና ክረምቱ ሲወጣ ባርበስ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ሌሎች ገባር ወንዞች ስለሚወጣ፣ በእነዚያ ወራት የወንዝ አፍ ላይ ቆሞ ማጥመድ የነገውን ዓሣ መብላት ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በሥራ ላይ ስላለ፣ ከመጀመርዎ በፊት የአካባቢውን የዓሣ ሀብት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

2. ማማለያውን ይመዝኑ

በባስ ዕቃ ላይ ክብደት የሚጻፈው በአውንስ ስለሆነ፣ አስቀድሞ ወደ ግራም መመለስ ያስፈልጋል። አንድ አውንስ 28 ግራም ከሩብ ገደማ ነው፤ ከዚህ የአውንስ 1/16 ወደ 1.8 ግራም፣ 1/8 ወደ 3.5 ግራም፣ 3/16 ወደ 5.3 ግራም፣ 1/4 ወደ 7 ግራም፣ 3/8 ወደ 10.6 ግራም ይሆናል። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ብዙ ጊዜ የእርሳሱ ክብደት ብቻ ነው፤ ለስላሳው ፕላስቲክ ሲጨመር ክብደቱ ይለወጣል፣ አንዳንዴም እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ መንጠቆውም ፕላስቲኩም ተሰክቶ፣ እንደሚወረወረው ሆኖ መመዘን አለበት። የወጥ ቤት ሚዛን ለዚህ ሻካራ ነው፤ የወርቅ ሠሪ ሚዛን ግን በጣም ይበቃል፣ ባለሙያውም ለእንዲህ ያለ ነገር ሲጠየቅ ደስ ብሎት ይመዝናል።

ሚዛን ለማያገኝ ሰው ጋራዥ ይበቃዋል። በ10 ቁልፍ የሚፈታው ዳዶ 2 ግራም ተኩል ያህል፣ በ13 ቁልፍ የሚፈታው 5 ግራም ያህል፣ በ17 ቁልፍ የሚፈታው ደግሞ ከ11 ግራም ትንሽ ከፍ የሚል ክብደት አለው። ከእንጨት ስንጥር የቤት ሚዛን ሠርተው ማማለያውን ከዳዶው ጋር ቢያስተያዩ በቂ ግምት ያገኛሉ። እነዚህን ሦስት ዳዶዎች አይጣሉ፤ ዘንግ ሲፈተሽና አወራወር ሲለመድ ይፈለጋሉ።

ከያዟቸው ማማለያዎች አብዛኛዎቹ ከ5 እስከ 10 ግራም ባለው ውስጥ ቢወድቁ ቤይትካስቲንግ ሪል መምረጥዎ ትክክል ነው። አብዛኛዎቹ ከ4 ግራም በታች ከሆኑ ግን ምክሬ ሌላ ነው፤ ስፒኒንግ ሪል፣ ማለትም ሲወረወር ክር የተጠመጠመበት ክፍሉ ቆሞ የሚቀረውን፣ ይግዙና ገንዘብዎንም ትዕግሥትዎንም ያትርፉ። ከ4 ግራም በታች በቤይትካስቲንግ የሚወረውሩ ሰዎች አሉ፤ ሲወረውሩ ማየትም ያስቀናል፤ ነገር ግን ለመጀመሪያ ዕቃ የሚሆን መንገድ አይደለም።

3. ዘንጉን ይምረጡ

ዘንግ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይጻፋሉ፤ ሰውም ሁለቱን ያደባልቃል። አንደኛው የዘንጉ ኃይል ነው፤ ይህ ዘንጉን ለማጉበጥ ምን ያህል ክብደት እንደሚጠይቅ ይናገራል፤ አልትራላይት፣ ላይት፣ ሚዲየም ላይት፣ ሚዲየም እየተባለ ይወጣል። ሁለተኛው ዘንጉ የሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ ፋስት የተባለው ጫፉ አካባቢ ብቻ ይታጠፋል፣ ሞደሬት የተባለው እስከ ወገቡ ይጎብጣል። ላይት ሆኖ ፋስት፣ ላይት ሆኖ ሞደሬት የሆነ ዘንግ አለ። ከዚህም በላይ የኃይሉ ስያሜ ለሁሉም አምራች የሚሠራ አንድ ልኬት የለውም፤ የአንዱ ላይት የሌላው ሚዲየም ላይት ነው። ስለዚህ ስሙን ትተው ከእጀታው በላይ የተጻፈውን የማማለያ ክብደት ይመልከቱ።

እዚያም ላይ ቢሆን ቁጥሩን እንዳለ አይውሰዱት። ከ1/16 እስከ 1/4 አውንስ የሚል ዘንግ በወረቀት ላይ ከ1.8 እስከ 7 ግራም ይወረውራል፤ በእጅ ላይ ግን በደንብ የሚሠራው በመካከሉ፣ ከ4 እስከ 6 ግራም ባለው ነው። በሁለተኛው ደረጃ ያገኙት ክብደት በዘንጉ የተጻፈ ክልል መካከል ላይ መውደቅ አለበት። 7 ግራም አካባቢ ለሚወረውር ሰው ከ1/8 እስከ 3/8 አውንስ የተጻፈበት ዘንግ ከላይኛው ይሻለዋል፤ ለጣና የምመርጠውም ይህኛውን ነው፤ ምክንያቱም ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ወደ 10 ግራም ከፍ ለማለት ያስችላል።

የጫፉ ልስላሴ ለምን እንደሚያስፈልግ መረዳት ይጠቅማል። ዘንግ ማማለያን የሚወረውረው እንደ ወንጭፍ ሳይሆን እንደ ቀስት ነው፤ ወደ ኋላ ሲሄድ በማማለያው ክብደት ይጎብጣል፣ ወደ ፊት ሲመለስ የጎበጠው ይቃናል፣ ማማለያውን የሚልከውም ያ መቃናት ነው። ጫፉ ግትር ሲሆን 5 ግራም አያጎብጠውም፤ ያን ጊዜ አጥማጁ የጎደለውን በክንዱ ኃይል ሊሞላ ይወነጭፋል፤ በቤይትካስቲንግ ሪል ላይ ድንገተኛ ውንጨፋ ማለት ደግሞ የተተበተበ ክር ማለት ነው። ሪሉ ተበላሽቷል ተብሎ ከሚነቀፈው ጥፋት ብዙው የግትር ዘንግ ጥፋት ነው። ለአንድ ነጠላ መንጠቆ ጫፉ የሚታጠፍ ፋስት ዘንግ ይስማማል፤ ባለ ሦስት ጥፍር ትንንሽ መንጠቆ ለሚይዝ ማማለያ ግን እስከ ወገቡ የሚጎብጥ ሞደሬት ዘንግ ይሻላል፤ ባርበስ ከንፈሩን ዘርግቶ ስለሚወስድና ድንገት ስለሚሮጥ፣ ጎባጣው ዘንግ መንጠቆው ቀድዶ እንዳይወጣ ያለዝበዋል።

ርዝመት የሚወሰነው በመቆሚያው ነው። ከድንጋይ ወይም ከመሣፈሪያ ላይ ለሚወረውር ከ6 ጫማ ከ6 ኢንች እስከ 7 ጫማ፣ ማለትም ከ1.98 እስከ 2.13 ሜትር ይበቃል። ከኋላ የሾላ ቅርንጫፍ ወይም ረጅም ደንገል ካለ ዝቅተኛውን ይውሰዱ። ከታንኳ ላይ የሚያጠምድ ሰው ከውኃው ጋር እኩል ያህል ስለሚቀመጥ ረጅም ዘንግ ወደ ኋላ ሲያወዛውዝ ጫፉ ውኃ ይመታበታል፤ ለእሱ 1.80 ሜትር ገደማ ይስማማዋል። የእጀታው ጭራ ከሪሉ በኋላ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በአንድ እጅ ለመወርወር ይመቻል፤ ከዚያ ሲረዝም ከጎን ጋር እየተጋጨ አንጓን ነፃነት ይነሣል።

የቤይትካስቲንግ ዘንግ ከስፒኒንግ ዘንግ በዓይን ይለያል። ከእጀታው ሥር ለሌባ ጣት የሚሆን ቃታ የመሰለ ጉጥ አለው፣ ቀለበቶቹም ትንንሽና በዛ ያሉ ሆነው ከላይ ይቀመጣሉ። ቀለበቶቹ ከላይ ስለሆኑ ዘንጉ ሲጎብጥ ክሩ ወደ ዘንጉ አካል ይጠጋል፤ ቁጥራቸው ጥቂት ከሆነ ክሩ አካሉን ይነካል። ቁራጩን በተመለከተ ለእኛ አገር ያለ ጥርጥር ባለ ሁለት ቁራጭ ዘንግ ነው። ባለ አንድ ቁራጭ ይሻላል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ እነሱ ግን ዘንጋቸውን ይዘው ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአውቶቡስ አልተጓዙም።

4. ሪሉን ይምረጡ

የቤይትካስቲንግ ሪል ሥራው የሰዓት ሠሪ ሥራ ነው፤ ይህን የምለውም ለማሞገስ አይደለም። በአሜሪካ ለእንዲህ ያለው ሪል መነሻ የሆነውን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሠራው ጆርጅ ስናይደር የኬንታኪ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ በስዊድን አቡ የተባለው አምራችም እ.ኤ.አ. በ1921 ሲመሠረት የሰዓት ፋብሪካ ነበር። ሚዛኑን የጠበቀ ትንሽ ነገር በፍጥነት እንዲዞርና በትክክለኛው ጊዜ እንዲቆም ማድረግ የሙያው ሁሉ ቁም ነገር ነው።

በስፒኒንግ ሪል ላይ ክሩ የተጠመጠመበት ማጠንጠኛ ሲወረወር ቆሞ ይቀራል፤ ክሩ በጫፉ እየተፈታ ይወጣል። በቤይትካስቲንግ ሪል ግን ማጠንጠኛው ራሱ ይሽከረከራል፤ የሚያሽከረክረውም እየበረረ ያለው ማማለያ ነው። ከዚህ ሁለት ችግር ይወለዳል። የመጀመሪያው፣ ማማለያው ቀላል ሲሆን ከባድ ማጠንጠኛን ከቆመበት ማስነሣት ያቅተዋል። ሁለተኛው፣ ማማለያው አየር ላይ ፍጥነቱን ሲቀንስ ማጠንጠኛው በጀመረው ፍጥነት መዞሩን ይቀጥላል፤ ክሩን የሚወስድለት ሳይኖር ክር ይለቃል፣ የተለቀቀውም በራሱ ላይ ይተበተባል። ፍሬኑና አውራ ጣት ያሉት ለዚህኛው ነው።

ስለዚህ ለቀላል ማማለያ ሪል ሲመረጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው የማጠንጠኛው ክብደትና ስፋት ነው። ለፊነስ ተብሎ የሚሠራ ማጠንጠኛ ጎድጓዳው ጥልቀት የሌለው፣ ግድግዳው ቀጭን፣ ብዙ ጊዜም የተበሳሳ ሆኖ ከ10 ግራም በታች ይመዝናል፤ የተለመደው ግን ከዚያ በእጅጉ ይከብዳል። ስፋቱም ከክብደቱ ያልተናነሰ ነገር ነው፤ ክብደቱ ሳይለወጥ የማጠንጠኛው ስፋት ከ28 ሚሊ ሜትር ወደ 34 ቢያድግ፣ ለማስነሣት የሚጠይቀው ጉልበት በግማሽ ያህል ይጨምራል። ከ28 እስከ 32 ሚሊ ሜትር ያለውን ይፈልጉ። የጃፓን አምራቾቹ ሺማኖም ዳይዋም ለዚህ የተለዩ ሪሎችን ይሠራሉ፤ ዋጋቸው ከተለመደው ከፍ ይላል። ዘንግ ሲመረጥ ይቅደም እንጂ ገንዘብ ሲመደብ ትልቁ ድርሻ ለሪሉ መሆን አለበት።

ይህን ያወቅሁት ከስሬ ነው። የመጀመሪያዬን ሪል ያስመጣሁት ሳልመዝን፣ በመልኩ ብቻ ነበር፤ ሰፊና ጥልቅ ማጠንጠኛ ያለው፣ ለትልቅ ማማለያ የተሠራ ሪል። ዘጌ አካባቢ ካለ ድንጋይ ላይ ቆሜ 4 ግራም ማማለያ አሥሬ ወረወርኩ፤ ማማለያው እግሬ ሥር ጠብ አለ፣ ክሩ ግን ከሪሉ ውስጥ እንደ ጨጎጎት ሆኖ ወጣ። ተቀምጬ አንድ በአንድ ስፈታ፣ በታንኳ የሚያልፉ አንድ አዛውንት መቅዘፊያቸውን ገታ አድርገው ተመለከቱኝና፣ «ልጄ፣ ዓሣ ልትይዝ ነው የመጣኸው ወይስ ልቃቂት ልትጠቀልል?» አሉኝ። «ሁለቱንም፣ አባቴ» አልኳቸው። ክሩን በመጨረሻ በቢላ ቆርጬ ጣልኩት።

ቀጥሎ ፍሬኑ ይታያል። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ በማጠንጠኛው ላይ ያሉ ትንንሽ ጫማዎች ሲዞር ወደ ውጭ ተገፍተው በመፋተግ የሚይዙበት ሲሆን፣ ፍጥነቱ ሲጨምር አያያዙ በጣም ይበረታል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ይለቃል። ሌላው በማግኔት የሚሠራ ነው፤ ማግኔቱ ማጠንጠኛውን ሳይነካ ይገታዋል፣ ከውጭ ባለ መዘውርም ይስተካከላል። ለጀማሪና ለነፋሻ ቦታ ማግኔቱ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ጠዋት ጸጥ ያለው ጣና እኩለ ቀን አልፎ ሲናወጥ፣ ሪሉን ሳይከፍቱ በአውራ ጣት መዘውሩን ሁለት ቁጥር ከፍ ማድረግ ይቻላል።

የማርሽ ጥምርታ የሚባለው፣ ለምሳሌ 7.3 ለ 1፣ ማዞሪያው አንድ ዙር ሲዞር ማጠንጠኛው ስንት እንደሚዞር ይገልጻል። ሰው ግን የሚፈልገው በአንድ ዙር ስንት ሴንቲ ሜትር ክር እንደሚገባ ነው፤ ይህም የማጠንጠኛውን ስፋት በ3.14 ከዚያም በጥምርታው በማባዛት ይገኛል። 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ማጠንጠኛ በ7.3 ጥምርታ በአንድ ዙር 69 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በ6.3 ደግሞ 59 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰበስባል። ክሩ ሲወጣ የማጠንጠኛው ስፋት ስለሚቀንስ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ትንሽ ያንሳል። ባርበስ ወደ አጥማጁ አቅጣጫ የመሮጥ ጠባይ ሲያሳይ ክር ላላ እንዳይል ፈጠን ያለው ይመረጣል፤ ማማለያውን ዝግ ማድረግ ለአጥማጁ እጅ ይቀራል።

ማዞሪያው በቀኝ ወይም በግራ መሆኑ ከግዢ በኋላ አይቀየርም፤ በስፒኒንግ ሪል ላይ እንደሚደረገው ነቅሎ ማዞር የለም። ቀኝ እጅ የሚወረውር ሰው በግራ የሚዞረውን ቢገዛ ዘንጉን ከእጅ ወደ እጅ ማሻገር አይኖርበትም። የኩሽኔታ ብዛት ግን አያስጨንቅዎ፤ ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ለመሸጫ ነው፤ ሥራውን የሚሠሩት ማጠንጠኛውን በሁለት ወገን የሚሸከሙት ሁለቱ ናቸው።

5. ክሩን ልክ ይስጡት

እዚህ ብዙ ሰው ጥሩ ሪል ገዝቶ ያበላሻል። ውፍረቱ 0.25 ሚሊ ሜትር የሆነ ናይለን ክር 100 ሜትሩ 5 ግራም ተኩል ገደማ ይመዝናል፤ በተመሳሳይ ውፍረትና ርዝመት ፍሎሮካርቦን የተባለው ሌላ የክር ዓይነት ወደ 9 ግራም ይጠጋል። ከ10 ግራም በታች ነው ተብሎ የተገዛው ማጠንጠኛ ክር ሲሞላበት ክብደቱ እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ ለቅለቱ የተከፈለው ገንዘብም አብሮ ሄደ። 0.23 ሚሊ ሜትር ናይለን 50 ሜትር ቢጠቀለል ግን 2 ግራም ተኩል እንኳ አይሞላም። በ5 ግራም ማማለያ የሚደረስበት ርቀት 20 ወይም 25 ሜትር ስለሆነ፣ 50 ሜትር ለመወርወሩም ለሚሮጠው ዓሣም ይበቃል። የተሸመነ ክር በጣም ቀጭን ሲሆን ሲሳብ በታችኛው ጥምጥም መካከል ሰርጎ ይቀረቀራል፤ ስለዚህ አወራወሩ እስኪለመድ ድረስ ናይለን ይሻላል፣ ቢተበተብም በቀላሉ ይፈታል።

ጥንካሬው በፓውንድ ይጻፋል፤ 6 ፓውንድ 2.7 ኪሎ፣ 8 ፓውንድ 3.6 ኪሎ፣ 10 ፓውንድ 4.5 ኪሎ ነው። ድንጋያማ ለሆነው የባሕር ዳር ዳርቻ 8 ፓውንድ ይመከራል።

6. ዕቃው ሲደርስ ይፈትሹ

የዘንጉን ቀለበቶች በውስጣቸው ጥጥ በማሳለፍ ይፈትሹ፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ጥጡን ይይዘዋል፣ ነገ ደግሞ ክሩን ይቆርጠዋል። ሁለቱን ቁራጮች ገጥመው ቀለበቶቹ በአንድ መሥመር መሆናቸውን ከእጀታው ወገን አሻግረው ይመልከቱ። ከዚያ የ13 ቁልፉን ዳዶ ከጫፉ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርገው ያንጠልጥሉና ዘንጉን ጋደም አድርገው ይያዙ፤ ጫፉ ለዳዶው ዝቅ ካላለለትና ወዝወዝ ሲያደርጉት ካልተወዛወዘ፣ የተጻፈበት ቁጥር ምንም ይሁን ምን ዘንጉ ለእርስዎ ማማለያ ግትር ነው።

ሪሉን ሲፈትሹ ማጠንጠኛውን ነፃ ለቅቀው በጣት መታ ያድርጉት፤ ድምፅ ሳያሰማ ረጅም ጊዜ መዞርና ቀስ ብሎ መቆም አለበት። ቶሎ ቀጥ ካለ ከፋብሪካው የተቀባው ወፍራም ዘይት ሊሆን ይችላል። ኩሽኔታውን አጽድቶ አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ይበቃዋል። የሞተር ዘይት ይከብደዋል፤ የምግብ ዘይት እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ግራሶ ለማርሾቹ ብቻ ነው።

ዓሣው ሲጎትት ክር የሚለቀውን ፍሬን፣ ድራግ የሚባለውን፣ ለማስተካከል አንድ ሊትር ውኃ የያዘ ሃይላንድ ይጠቀሙ። ክሩን በቀለበቶቹ አሳልፈው ከጠርሙሱ አንገት ጋር ይሰሩትና በዘንጉ ያንሡት። የ8 ፓውንድ ክር የሚችለው 3.6 ኪሎ ስለሆነ፣ ድራጉ ከሩብ እስከ ሲሶው፣ ማለትም አንድ ኪሎ ገደማ ላይ መልቀቅ አለበት፤ ጠርሙሱ ከመሬት ከተነሣ በኋላ ክሩ ዝግ ብሎ እየተለቀቀ ወደ ታች ከወረደ ልኩ ያ ነው።

7. ሐይቁ ዳር ከመሄድዎ በፊት በግቢ ውስጥ ይለማመዱ

መጀመሪያ በማዞሪያው በኩል ያለውን የማጠንጠኛ ማጥበቂያ ይንኩ። ማጠንጠኛው ወደ ግራና ቀኝ መነቃነቁን እስኪያቆም ብቻ ያጥብቁት፤ ከዚያ በላይ ሲጠብቅ ቀላል ማማለያ ጨርሶ አይወጣም። የመግታቱን ሥራ ለፍሬኑ ይተዉት፤ እሱንም ከከፍተኛው ቁጥር ጀምረው ከጥቂት ወርወራዎች በኋላ በአንድ በአንድ ይቀንሱት።

ዳዶውን አሥረው፣ ከጫፉ ሁለት ስንዝር ያህል ዝቅ አድርገው፣ አውራ ጣትዎን ማጠንጠኛው ላይ ያሳርፉ። በቀኝ እጅ ሲወረውሩ የእጅዎ ጀርባ ወደ ሰማይ እንዲመለከት፣ ማለትም በግራ የሚዞረው ሪል ማዞሪያ ወደ መሬት፣ በቀኝ የሚዞረው ደግሞ ወደ ሰማይ እንዲሆን አንጓዎን ያዙሩ፤ እንዲህ ሲሆን የእጅ አንጓ ይላላል። ዘንጉን ወደ ኋላ ወስደው ዳዶው ጫፉን ሲጎትት እስኪሰማዎት ይጠብቁ፤ ከዚያ ሳይቸኩሉ ወደ ፊት ይመልሱትና አውራ ጣትዎን ይልቀቁ። ዳዶው ወደ ሰማይ ከወጣ ዘግይቶ ይለቀቅ፤ እግርዎ ሥር ከወደቀ ቀደም ብሎ ይለቀቅ። ዳዶው መሬት ሊነካ ሲል አውራ ጣት እንደገና ማጠንጠኛውን ነካ አድርጎ ያቆመዋል፤ ከሁሉ የሚረሳው ይህ ሁለተኛው ንክኪ ነው፤ ክር የሚተበተበውም በአብዛኛው ዳዶው ካረፈ በኋላ ማጠንጠኛው ስለሚቀጥል ነው። በ17 ቁልፉ ዳዶ ይጀምሩ፣ ያለ ትብትብ አሥር ጊዜ ሲሳካልዎት ወደ 13 ቁልፉ ይውረዱ። ዶሮና ሕፃናት ከግቢው መሥመር ይራቁ፤ በዘንግ የተወረወረ ዳዶ ግንባር ይፈነክታል።

ክሩ ሲተበተብ አይጎትቱት። ማጠንጠኛውን በአውራ ጣት ጠበቅ አድርገው ተጭነው ማዞሪያውን ሁለት ሦስት ዙር ያዙሩና፣ ጣትዎን ለቅቀው ክሩን ቀስ ብለው ይሳቡት፤ ካልተፈታ ይህኑ ይድገሙት፤ ቀላሉ ትብትብ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ይፈታል።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ይሁን፤ በ7 ግራም ማማለያ፣ ነፋሱን ከኋላ ሰጥተው። ነፋሱ ሲዞርና ከፊት ሲመጣ ፍሬኑን ሁለት ቁጥር ከፍ ያድርጉ፣ ወደ 10 ግራም ይለውጡ፣ ከራስ በላይ ሳይሆን ከጎን ዝቅ አድርገው ይወርውሩ። ይህም ሆኖ ክሩ ደጋግሞ የሚተበተብ ከሆነ ማዕበሉ እስኪበርድ ሪሉን ከዘንጉ ነቅለው በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት፤ በተለይ ክሩን ግራና ቀኝ የሚያመላልሰውን ቀጭን ብሎን ይመልከቱ፣ የዳርቻው ደቃቅ አሸዋ መጀመሪያ የሚገባው እሱ ውስጥ ነው።